በጸሎት የመረጥኳት ውሻ

ውሻ ልገዛ ሄጄ የገጠመኝን ስሙኝማ! አዲስ ከተማ ያለው ግቢዬ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ሌባ ደጋግሞ ስለገባብን ጠባቂ ውሻ ግድ ሆነብን። ችግሩ፣ ረቡዕ ረቡዕ ወንድሞችና እህቶች እኛ ቤት ይጸልያሉ። አጸላለያችንን ታውቁታላችሁ፣ ጣሪያ ይነቅላል። ባለቤቴም፣ "ውሻው አንድ ሰው ከነከሰ ጸሎቱ ከቤታችን ወጣ ማለት ነው" ብላኛለች።

ሻጩ ግቢው ውስጥ አንድ ግዙፍ ጀርመን ሸፐርድና አንዲት ቡናማ ክልስ አሳየኝ። "ጋሼ፣ ጀርመኑን ይውሰዱ፤ ጩኸት ከሰማ አይምርም" አለኝ።

"እኛ ቤት እኮ ጩኸት አለ።"

"የምን ጩኸት?"

"ቆይ ላሰማህ!" አልኩና እዚያው ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ በሙሉ ጉሮሮዬ መጸለይ ጀመርኩ። ጀርመኑ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደረሰ።

"ኧረ ጋሼ ያቁሙ፣ ይበላዎታል!"

ጸሎቱ ወስዶኛል፣ ማን ያቁመኝ! ዓይኔን ስገልጥ ክልሷ እግሬ ሥር ተኝታ ጭራዋን ትቆላለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን ሌባስ ታስቆማለች? ይህን ሳስብ የሻጩ ጎረቤት፣ ጩኸቴን ሰምቶ ሰው የሞተ መስሎት፣ ሳያንኳኳ በሩን ገፍቶ ገባ። ክልሷ ተስፈንጥራ ከግድግዳው ጋር አጣብቃ አቆመችው! አልነከሰችውም፣ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ሃሌሉያ! እሷን ስጠኝ!" አልኩ።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ የታወቀ ዘር የላትም።"

"ዘሯ ምን ያደርግልኛል? የሚጸልየውንና ዘው ብሎ የሚገባውን ለይታለች!"

ሰውዬው ከግድግዳው ሥር፣ "ኧረ እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ፣ ያዙልኝ!" ብሎ ጮኸ።