በር የተዘጋባት ድመት

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ አልፎ ረመዳን በገባ ሰሞን፣ እኔ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበርሁ። የምኖረውም በዐረብ አገር፣ በአጅማን ከተማ፣ አል ጁርፍ በሚባለው ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ በቆመ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። የምተርከውን ነገር አብዛኛውን ከሁለት ሴቶች አፍ ሰማሁት፤ ጥቂቱን ብቻ በዓይኔ አየሁ።

በዚያ የወረርሽኝ ወራት ከተማው ሰው ያለቀበት ይመስል ነበር። የመጋዘኖቹ በር ተከርችሟል፤ በመንገዱ ላይ ከሚነፍሰው አሸዋ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። አንዳንድ ቀን አምቡላንስ ድምፁን ሳያሰማ መብራቱን ብቻ እያሽከረከረ ይመጣል። ነጭ ቱታ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ይወርዱና አንዱን ይዘው ይሄዳሉ። የሄደው ይመለስ አይመለስ የሚነግረን አልነበረም። ሊፍቱም ማንም ሳይጠራው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በሩም ባዶ ኮሪደር ላይ ይከፈትና ይዘጋል።

በዚያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወይዘሮ ስንዱ የሚባሉ የወረኢሉ ሰው ነበሩ። ሃያ ዓመት በማዳም ቤት ሠርተው ጉልበታቸው ሲደክም ቢድ ስፔስ የሚሉትን የአልጋ ቦታ ተከራይተው፣ አንዲቱን ክፍል በመጋረጃ ከፍለው ከመሊካ ጋር ይኖሩ ነበር። መሊካም የወሎ ልጅ ናት። አንዷ ክርስቲያን አንዷ እስላም ቢሆኑም የሚተያዩት እንደ እናትና ልጅ ነበር። ታዲያ መሊካ ታመመች፤ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ከመጋረጃው ጀርባ ታቃስታለች። ወይዘሮ ስንዱም "ከነገርሁ ይወስዱብኛል" ብለው ደበቋት።

በቤቱ ውስጥ ሌላም እንግዳ ነበረች። ምግብ ቤቶቹ ሲዘጉ ፍርፋሪ የጠፋባት አንዲት ግራጫ ድመት፣ መሊካ በደኅናዋ ጊዜ እያበላች አስለምዳት፣ በኩሽናው ጥግ በካርቶን ውስጥ ወልዳ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በቀትር፣ ወይዘሮ ስንዱ ቆሻሻ ሊጥሉ በሩን ከፈቱ። በእግራቸው መካከል አንድ ነገር ሹልክ ብሎ አለፈ። ድመቲቱ ነበረች፤ በአፏ ግልገል አንጠልጥላለች። ግልገሉ ዓይኑ ገና አልተገለጠም፤ ቀይ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ድመቲቱ ኮሪደሩን ተሻግራ ፊት ለፊት ካለው ቤት ገባች። ያ ቤት ነጭ ለባሾቹ ተከራዮቹን ከወሰዷቸው ወዲህ ሰው አልገባበትም፤ ቁልፉም ስለተሰበረ በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ ሌሎች ግልገሎች አለቀሱ። ልቅሶው እንደ አራስ ሕፃናት ልቅሶ ነበር። ለካ በሩ ለጽዳት በተከፈተ ቁጥር ስትመላለስ ውላለች!

ወይዘሮ ስንዱ አማተቡ። ድመቲቱ የቀሩትን ልትወስድ ስትመለስ በሩን በፊቷ ዘግተው በጀርባቸው ተደገፉት። እርሷም በሩን እየቧጠጠች ትጮህ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ነበር ከላይኛው ፎቅ አንዲት ወጣት በደረጃው ስትወርድ ድንገት ያገኘቻቸው። ገሊላ ትባላለች፤ እንደ ብዙዎቻችን ሥራ የቆመባት ልጅ ናት።

"እትዬ፣ ምነው? ደኅና አይደሉም?"

"ራቂ! ወዲህ እንዳትጠጊ። ማስክሽንም ወደ ላይ ሳቢ፤ በሽተኛ አለብኝ።"

ገሊላ ከደረጃው ላይ ቆመች። "እግዜር ይማርልዎ። ድመቷስ ምን ሆና ነው?"

"እርሷ ምን ትሆናለች? በእኛ ላይ ነው እንጂ የምታመጣው! ድመት በሽተኛ ካለበት ቤት ልጆቿን አንጠልጥላ ከወጣች፣ ከዚያ ቤት ሬሳ ይከተላታል። እናቴ ስትናገር ሰምቻለሁ፤ በአባቴም ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ደግሞ የወሰደችበትን እዪ! ዋላሂ፣ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?"

"እትዬ ደግሞ በዋላሂ ይምላሉ?"

"ሃያ ዓመት የሰው ቤት ምን የማያስምል አለ? አትሳቂብኝ። ሁለቱ ግልገሎች ገና ውስጥ ናቸው። እነርሱ እስካልወጡ ነገሩ አልተፈጸመም። አልከፍትም፤ ኸላስ!"

ገሊላ ሳቋን ዋጠች። ሴትዮዋ እጀታውን አልለቅም ብለው መያዛቸውን አይታለችና።

"እትዬ፣ ካላስቀየምሁዎ አንድ ነገር ልናገር። እኔ አገሬ ሳለሁ የእንስሳት ጤና ተምሬያለሁ።"

"እዚህስ ሹግልሽ ምን ነበር?"

"ሥራዬ አል ጋርሁድ ሰፈር ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ነበር።"

"ታዲያ ትምህርትሽ ላንቺ ያልሆነ ለድመት ይሆናል?"

"ለእኔ አልሆነም፤ እውነት ነው። የተማርሁት ግን ለድመት ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ?"

"ምንም። ጽዳት ብቻ። ከጠዋት ጀምሮ በረኪና ስረጭ ነው የዋልሁት፤ ወለሉን፣ እጀታውን፣ ካርቶኑንም።"

"ካርቶኑንም?"

"የተኙበትን ጨርቅ አጥቤ ቀየርሁላት። ግልገሎቹንም አንድ በአንድ አንስቼ በሶፍት ጠረግኋቸው። ለንጽሕና ብዬ እኮ ነው!"

አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ዘመን ሁላችን በረኪናን እንደ ጠበል ስንረጭ እንደነበር አትርሳ። እኔ ራሴ ዳቦ በበረኪና የጠረገ ሰው አውቃለሁ።

ገሊላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ "እትዬ፣ ድመት ልጆቿን የምታውቀው በጠረን ነው። እነርሱም ዓይናቸው እስኪገለጥ ጡቷን የሚያገኙት በጠረን ነው። ጠረናቸው ጠፍቶ በረኪና ሲሸታት፣ እጅ ሲበዛባት፣ ጠላት የመጣ መሰላት። ስለዚህ ሰው የሌለበት፣ ጨለማና ጸጥታ ያለበት ቦታ ፈለገች። በዚህ ሕንፃ በሩ ክፍት የሆነ ባዶ ቤት ከዚያ ሌላ የት አለ? ሞት አልሸተታትም፤ የሸተታት የእርስዎ በረኪና ነው።"

ወይዘሮ ስንዱ "አባቴስ?" አሉ። "በዚያን ጊዜ በረኪና አልነበረም። አባቴ ታሞ ሳለ ድመታችን ልጆቿን ከጓዳ ወደ ጎተራ ሥር አዛወረች፤ እርሱም ሳምንት ሳይሞላ ዐረፈ።"

"አባትዎ ሲታመሙ ጠያቂ አልነበረም?"

"እንዴት አይኖር! አገሩ ሁሉ እቤታችን ነበር፤ መቀመጫ ጠፍቶ።"

"ጓዳውስ?"

"ጓዳው ሴቶች ወጥ የሚሠሩበት..." ብለው ጀመሩና ቃላቸው ተቋረጠ።

"የሸሸችው ጫጫታውን ነው፣ እትዬ። ሰው ሲታመም ቤት ይረበሻል፤ ቤት ሲረበሽ ድመት ልጆቿን ታዛውራለች። በሽተኛው ቢሞት ሰው ሁሉ ድመቷን ያስታውሳል። ቢድን ግን ማን ያስታውሳታል?"

ነገሩ ወደ ልባቸው ሊገባ ሲል ፍርሃት ቀደመው። "አፍሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ብትሳሳቺስ? እኔ ከፍቼ መሊካ ብትሞት፣ የምትቀበረው ያንቺ ሰው አይደለችም።"

ገሊላም እንዲህ አለች፦ "እውነትዎን ነው። የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። እኔ ስለ መሊካ መማል አልችልም። ስለ ግልገሎቹ ግን እምላለሁ። በዚህ ዕድሜያቸው ገላቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም፤ ሙቀታቸው እናታቸው ናት። ኤሲው በርቷል?"

"ለመሊካ ትኩሳት ከፍ አድርጌዋለሁ።"

"እንግዲያው እየበረዱ ነው።"

ያን ጊዜ ሁለቱም አንድ ነገር አስተዋሉ። ከበሩ በስተውስጥ ሲሰማ የቆየው የግልገሎቹ ቀጭን ልቅሶ ቆሟል። የመሊካም ማቃሰት አይሰማም። ድመቲቱም መቧጠጧን ትታ ጆሮዋን ወደ በሩ አቅንታ ትሰማ ጀመር። በዚያ ቀትር፣ በዚያ ረጅም ኮሪደር፣ ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም። ሊፍቱ ብቻ መጥቶ ተከፈተ፤ ማንም አልወረደም፤ ተዘጋ።

ወይዘሮ ስንዱ በሩን በረገዱት።

ወደ መጋረጃው ሮጡ። መሊካ ዓይኗን ከፍታ ጣራውን ታያለች።

"እትዬ" አለች በሹክሹክታ፤ "እናቴ ውጭ ሆና ስታለቅስ ነበር። ለምን አልከፈቱላትም?"

የመሊካ እናት ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ወይዘሮ ስንዱ ግንባሯን ዳሰሱ። "ድመት ናት፣ የኔ ልጅ፤ ድመት ናት" አሉ፤ ሲሉት ግን ራሳቸውም አላመኑትም።

ድመቲቱ በዚህ መካከል ገብታ አንዱን ግልገል አንጠልጥላ ወጣች። ሁለተኛው ግን ከካርቶኑ ተንሸራትቶ በቀዝቃዛው ወለል ላይ ተዘርግቷል፤ አሸተተችውና ትታው ሄደች።

ገሊላ ከደጁ ሳትገባ "ያንሡት! በደረትዎ፣ ከልብስዎ በታች ያድርጉት። ወተት እንዳይሰጡት፤ የበረደ ግልገል አይፈጨውም፣ የላም ወተትም አይስማማውም። መጀመሪያ ሙቀት ነው" አለቻቸው።

አነሡት። እንደ እርጥብ ጨርቅ ቀዝቅዟል። በደረታቸው ይዘውት በቀስታ እያሹት ብዙ ቆዩ። አንድ ጊዜ እግሩን የዘረጋ መሰላቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልነበረም።

"ሞተ" አሉ። ቀጥለውም፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ሞት እንዳይገባ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ለካ ዘግቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ገሊላ ሌላ ሰው እንደሚያደርገው "ነግሬዎት ነበር" አላለችም። ጠየቀቻቸው እንጂ፦ "እትዬ፣ የመሊካ ከንፈር ምን ይመስላል?"

ዘወር ብለው አዩ። "ጠይሟል። ወደ ሰማያዊ ሄዷል።"

"ትንፋሿስ?"

"አጭር ነው። እንደ ሯጭ።"

"ከጠዋት ጀምሮ ምልክት ከድመቷ ላይ ሲፈልጉ ዋሉ። ምልክቱ እኮ አልጋው ላይ ነው! አሁን ከዚያች ደቃቃ እንስሳ የተማርነውን እንሥራበት፤ ልጅን የሚያድነው አፍኖ መያዝ አይደለም፣ ወደሚድንበት ማድረስ ነው።"

"ከወሰዷት አላያትም ይሆናል።"

"ይሆናል። ካልወሰዷት ግን የመጨረሻዋን የሚያዩአት አሁን ነው።"

ወይዘሮ ስንዱ መሊካን ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያም ስልኩን አንሥተው በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛቸው ራሳቸው ጠሩ።

ነጭ ለባሾቹ ሲመጡ እኔ ከምድር ቤቱ መስኮት አየሁ። መሊካን በአልጋ አወረዷት። ወይዘሮ ስንዱ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ በሦስተኛው ፎቅ መስኮት ቆመው አላለቀሱም፣ አልጮኹም፤ አምቡላንሱ ከመጋዘኖቹ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ መስታወቱን በመዳፋቸው ደግፈው ቆሙ። ወሬ ሳይመጣ ቀኖች አለፉ። እርሳቸውም ለብቻቸው ተዘግተው በነበሩበት በዚያ ጊዜ፣ ከፊት ለፊቱ ቤት የሚሰማው ልቅሶ በየቀኑ እየጎላ ሄደ። ያ ልቅሶ ቀድሞ የሞት መስሎ ያስፈራቸው ነበር፤ አሁን ግን ግልገሎቹ ጠግበው የሚጮኹ መሆናቸውን እያሰቡ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

መሊካ ክረምት በአገራችን ሳይወጣ ከስታ፣ በዝግታ እየተራመደች ተመለሰች። ሐኪሙ "ጥቂት ብትዘገዪ ኖሮ" ብሎ ዝም እንዳለ እርሷ ራሷ ነግራኛለች።

ወይዘሮ ስንዱ ከዚያ ወዲህ በሕንፃው ውስጥ የአራስ ድመት ጠበቃ ሆኑ። ወጣቶቹ ግልገል ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ "ያላ፣ ተዪ!" ይላሉ። "እናቲቱ ስታዛውር መንገዷን አትዝጊባት። አንዱን ብቻውን ብታገኚው ተጥሏል ብለሽ አትውሰጂው፤ ርቀሽ ጠብቂ፣ እናቱ በመንገድ ናት። ቆይታ ካልመጣች ብቻ፣ አሙቂውና የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። የተኙበትን ጨርቅ አትቀይሪ፤ በረኪናሽን አርቂ። ውኃና ምግብ ከጎጆዋ ጥቂት ራቅ አድርገሽ አኑሪላት። ልብስ ማጠቢያውን ውስጡን ሳታዪ አታስነሺ፤ ሊፍቱም ላይ እንዳይወጡ ጠብቂ። በሩን ንፋስ እንዳይዘጋባት ድንጋይ አድርጊበት።" ይህን የሰሙ ሁሉ በቤታቸው የሚወለዱ ግልገሎች አይሞቱባቸውም፤ የእናቲቱም ጩኸት አያስጨንቃቸውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታመመ ሰው ሲኖራቸው ዓይናቸውን ከታመመው ላይ አያነሡም።

ያ ግልገል ግን ከሕንፃው ጀርባ፣ አሸዋው ውስጥ ተቀብሯል። የቀበርሁት እኔ ነኝ።

ይህን የጻፍሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የሁለቱ ሴቶች፣ የወይዘሮ ስንዱና የገሊላ፣ ትረካም በአንዳንድ ቦታ አይገጥምም፤ ማን ምን አስቀድሞ እንደተናገረ፣ የመሊካም መመለሻ ወር ላይ ልስት እችላለሁ። በዚያ ሰሞን በአል ጁርፍ የነበራችሁ አንባቢዎች፣ የዘነጋሁትን ብታስታውሱኝ፣ ያጣመምሁትን ብታቀኑልኝ እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ።