«በቃ» ባይ የጠፋበት ሰፈር

አዛውንቱ ምዚማሲ፣ ቢራ የተጫነ ጋሪ እየገፉ በኒያንጋ ሰፈር ሲያዘግሙ፣ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመለሰችው የጎረቤታቸው ልጅ ኖምታንዳዞ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። በቢላ የተገደለው የወንድማቸው ልጅ የሚቀበረው በማግስቱ ነው። በሰፈሩ ልማድ ደግሞ ከቀብር መልስ «እንባ ማድረቂያ» እየተባለ ይጠጣል።

«አባባ፣ እግዜር ያጽናዎ። ግን ይኼ ቢራ ሌላ ሬሳ እንዳያስወጣ ፈራሁ» አለች ጋሪውን እያገዘች።

«ሟርተኛ! እኛ ሰፈር ሟች በደረቁ ተሸኝቶ ያውቃል?»

«ልጅዎ ሉንጊሳስ? እበቀላለሁ እያለ ሲዝት ሰምቻለሁ። ሲሰክር ማን ይይዘዋል?»

ለአዛውንቱ የቀራቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ፍርሃት ነበር። ፈራሁ ማለት ግን ሞት መሰላቸውና ተቆጡ። «የዘንድሮ ልጅ ደሙ ክፉ ነው! አለንጋ የጠፋ ዕለት አገር ጠፋ።»

«የእርስዎ ዘመን ልጆች መላእክት ነበሩ? ታዲያ ግንባርዎን ማን ፈነከተዎት?»

ሳያስቡት ሳቁ። «እሱማ የዱላ ግጥሚያ ነው! ወንዶች ነበርን እኮ። ደም ሲታይ ግን ሽማግሌው ‹በቃ!› ይላል። ከዚያ በኋላ ዱላ የሚያነሳ የለም።»

«አሁን በቃ ባዩ የት ሄደ? የዓሣ ፋብሪካው ሳይዘጋ በደህናው ጊዜ እንዲህ እንገዳደል ነበር?»

«ያኔማ ከሥራ ስንገባ ደክሞን ክልትው ነበር የምንለው።»

«ይኸው፣ ራስዎ መለሱት! ፋብሪካው ሲዘጋ አባቶች ለእንጀራ ተበተኑ፤ ልጆቹ ሥራ ፈተው መጠጥ ቤት ዋሉ። የቀረው ሽማግሌ ደግሞ...» ዓይኗ ጋሪው ላይ አረፈ።

«ጨርሺው እንጂ! ቢራ ይገፋል በይ።»

እውነት ከልጅ አፍ ስትወጣ ሽማግሌን ታንቃለች፤ ደግነቱ ምዚማሲ መዋጥ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ጋሪውን ወደ መጣበት መለሱት።

በማግስቱ ለቀብርተኛው የዝንጅብል መጠጥ ቀረበ። ያጉረመረመው ብዙ ነበር። መሐል ላይ የገዳዩ ታናሽ ወንድም አንገቱን ደፍቶ ለልቅሶ ገባ። ሉንጊሳ ብድግ ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ምዚማሲ አሮጌ ዱላቸውን ይዘው መሐላቸው ቆሙ።

«በቃ!»

ሉንጊሳ አልሰከረምና ሰማ። ቢላውን ከኪሱ አውጥቶ አባቱ እግር ሥር ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዛሬ የአዛውንቱ ጓሮ የብየዳ ቤት ሆኗል፤ ሉንጊሳና የገዳዩ ወንድም እዚያው የሰው በር ሲበይዱ ይውላሉ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተራ ገብተው መንገዱን ይጠብቃሉ፤ እናት ልጇ ቢያመሽ አትባንንም፤ እንባ ማድረቂያውም ያለ ቢራ ሆኗል። የማዶው ሰፈር ሰዎች መላ ሊጠይቁ ሲመጡ ምዚማሲ ኖምታንዳዞን ከጎናቸው ያስቀምጡና ደረታቸውን ነፍተው እንዲህ ይላሉ፦

«ደማችን ክፉ አይደለም፤ ልጆቻችን ‹በቃ› ሲባሉ ይሰማሉ። ብቻ፣ ሥራ ስጧቸው፣ አጠገባቸውም ቁሙ።»