አንዳርጌን ሳሙልኝ

እስፔን አገር፣ ሳራጎሳ ከተማ፤ እሑድ ከሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሳሎን፤ የመጋዘን ጥበቃ ጡረተኛው አቶ ዘለቀ ሻንጣቸውን በር ላይ አቁመው፣ እዚሁ አግብታ ከምትኖረው ነፍሰ ጡር ልጃቸው ከአትጠገብ ጋር።

ዘለቀ፦ ስሜን ለማን ሰጠሽው?

አትጠገብ፦ ለማንም አልሰጠሁም። አባባ፣ ጫማዎን ያጥልቁ። አማቴ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችን ነው።

ዘለቀ፦ ምሳ በስምንት ሰዓት ተኩል? እስከዚህ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ጠዋቱን ምን ሲሠራ ነው? አልሄድም። መጀመሪያ የጠየቅኩሽን መልሺ።

አትጠገብ፦ የትኛውን ስም?

ዘለቀ፦ ስንት አለኝ? ትናንት ሐኪም ቤት ተቀምጠን ነርሷ ብቅ አለችና "ዘለቀ" ብላ ተጣራች። ተነሣሁ። አንቺ እኔን አስቀምጠሽ ገባሽ። ከትናንት ወዲያ ፖስተኛው ከታች ሆኖ "ዘለቀ" አለ። ዳቦ ሻጯ እንኳ ምላሷን በጥርሷ ይዛ "ቴለኬ" ትላለች። እዚህ አገር ከገባሁ ሁለት እሑድ አልሞላኝም። ይህ ሁሉ ሰው ስሜን ከየት አመጣው?

አትጠገብ፦ እኔን እኮ ነው የሚጠሩት።

ዘለቀ፦ አንቺ አትጠገብ ነሽ። ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ።

አትጠገብ፦ እዚህ ወዳጅ ያልሆነ ሰው በአባቴ ስም ነው የሚጠራኝ። ለአክብሮት ነው።

ዘለቀ፦ እኛ ዘንድ የአባት ስም የሚጠየቀው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

አትጠገብ፦ ይህ ጣቢያ አይደለማ።

ዘለቀ፦ ዕድሜዬን መጋዘን ስጠብቅ ኖርኩ። ሌባ መጀመሪያ የሚያጠናው የዘበኛውን ስም ነው። "አያ ዘለቀ፣ እንደምን አመሹ" ይልሻል በትሕትና። በማግሥቱ በሩ ደህና ነው፣ ቁልፉ ደህና ነው፣ ጤፉ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አትጠገብ፦ ከአማቴ ቤት ምን የጠፋ አለ?

ዘለቀ፦ እሱን ነው የምጠብቀው። ያለፈው እሑድ ምሳው አለቀ፣ ሳህኑ ተነሣ፣ ሰው ግን አልተነሣም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ገበታው ላይ ተቀመጡ። አንድ የሚመጣ ሰው ያለ መስሎኝ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

አትጠገብ፦ አይቼዎታለሁ። አማቴ ፒላርም አይታዎታለች። "አባትሽን ብርድ መታቸው?" ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

ዘለቀ፦ መስኮቱን ስትዘጋማ ይብሱን ጠረጠርኩ።

አትጠገብ፦ ወግ ነው፣ አባባ። ከምሳ በኋላ ያለውን ጨዋታ ስም አውጥተውለታል፤ ሶብሬሜሳ ይሉታል። ከምግቡ ይልቅ እሱን ይወዱታል። በልቶ ወዲያው የሚነሣ ሰው ለሆዱ ብቻ እንደ መጣ ነው የሚቆጠረው።

ዘለቀ፦ ወግ ያን ያህል ያስጮኻል?

አትጠገብ፦ ድምፃቸው ነው።

ዘለቀ፦ ደግሞ "ይህ ቤት ቤትዎ ነው" አለችኝ አልሽኝ። ቤቷን ለማያውቁት ሰው የምትሰጥ ሴት ምን ልትቀበል ነው?

አትጠገብ፦ እኛስ "ቤት የእግዜር ነው" እንል የለ? እግዜር መጥቶ ቁልፍ ተቀብሎ ያውቃል?

ዘለቀ፦ አፍሽ እንደ ሆድሽ ተነፍቷል።

አትጠገብ፦ ከእርስዎ የወረስኩት ነው። እንግዲህ እንሂድ?

ዘለቀ፦ ቁጭ በይ። ሌላውን ልተወው። አንዱን ነገር ግን አልተወውም፤ ለአንቺም እስካሁን አልነገርኩሽም። ያን ዕለት ስንወጣ አንቺ ካፖርትሽን ልታመጪ ገባሽ። ሴትዮዋ ሁለቱን ጉንጬን ሳመች። ሦስተኛውን ሳቀርብላት ሸሸች።

አትጠገብ፦ እነሱ ሁለት ብቻ ነው የሚሳሳሙት።

ዘለቀ፦ ይሁን። ከዚያ ባልሽ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋ። ተናገረች። ስልኩ በአማርኛ "አንዳርጌን ሳሙልኝ" አለኝ።

አትጠገብ፦ ማንን?

ዘለቀ፦ አንዳርጌን። አባቴን። አንቺ ሳትወለጂ አፈር ያለበስነውን ሰው። በሞተ ሰው ስም የሚላክ ሰላምታ በማን ይላካል? ወደዚያ በሚሄድ ሰው። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንባ እንባ እያላት፣ ሞቴን ነግራ ሸኘችኝ። ሻንጣውን ያስነሣኝ እሱ ነው። ትስቂያለሽ?

አትጠገብ፦ ይቅርታ። አባባ፣ እሷ አንዳርጌ የምትለው እማዬን ነው።

ዘለቀ፦ እናትሽ ጥሩወርቅ ናት።

አትጠገብ፦ ነገርን ከሥሩ ይስሙኝ። እዚህ አገር ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ ፊተኛው ከአባቱ ወገን፣ ኋለኛው ከእናቱ ወገን። እኔ "አትጠገብ ዘለቀ አንዳርጌ" ብዬ ስነግራቸው፣ ዘለቀ አባቷ፣ አንዳርጌ እናቷ ብለው ያዙት። ፒላር "ለባለቤትዎ ሰላም ይበሉልኝ" ማለቷ ነው።

ዘለቀ፦ እናትሽ አንዳርጌ ሆነች?

አትጠገብ፦ እዚህ አንዳርጌ ናት።

ዘለቀ፦ ከአማቷ ጋር ዕድሜ ልኳን አንድ ገበታ ቀርባ የማታውቅ ሴት። እሱም የእሷን ወጥ ሳይቀምስ ሞተ። እንዳትነግሪያት።

አትጠገብ፦ ምን በወጣኝ።

ዘለቀ፦ ለምን አላረምሻቸውም?

አትጠገብ፦ አረምኩ። የኛ ሰው ስም፣ አባት፣ አያት ነው፤ እናት አትገባበትም ብዬ ቁጭ ብዬ አስረዳሁ። ባሌ ሰርሂዮ ገባው። እናቱ ግን ዓይኗን አጥብባ አየችኝና "ታዲያ ተሸክማ የወለደችሽ ሴት ስሟ የት ገባ? ማን ወሰደው?" አለች። ያን ዕለት የጠረጠረችው እሷ ናት እኛን። በነጋታው ደግሞ "አንዳርጌን ሰላም በይልኝ" አለችኝ። ተውኩት።

ዘለቀ፦ ማን ወሰደው አለች?

አትጠገብ፦ እንደ እርስዎ ነው የጠየቀችው። ጤፉን ማን ወሰደው እንደሚሉት።

ዘለቀ፦ ...ሻንጣው ይቁም። እኔ ወደ አገሬ ብቻዬን አይደለም የምሄደው። መጥተሽ እናትሽ ዘንድ ውለጂ።

አትጠገብ፦ "አንዳርጌን ሳሙልኝ" ምን እንደ ሆነ ገባዎት አይደል? አሁን ምን ቀረ?

ዘለቀ፦ ልጁ ቀረ። ሦስት ሴት ወለድኩ፤ አልቆጨኝም። የእህቶችሽ ልጆች በአባቶቻቸው ይጠራሉ፤ ወጉ ነው። የእኔ ስም በእናንተ ያልቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የሚጠራው ሰው ሲኖር ነው። የእህቶችሽን ልጆች ግን ቢያንስ አገላብጬ ስሜያቸዋለሁ፣ በቋንቋዬ ገሥጫቸዋለሁ። ይኼኛው በማላውቀው ስም ተጠርቶ፣ በማላውቀው አፍ አድጎ፣ አንድ ቀን "ያ ጥቁር ሽማግሌ ማን ነበር?" ይላል። እናትሽ ቤት ከተወለደ ግን ቢያንስ አፈሩን ረግጧል።

አትጠገብ፦ ማን ተብሎ እንደሚጠራ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?

ዘለቀ፦ ምን ይጠየቃል። የአባቱ ነው።

አትጠገብ፦ ማርኮስ ኦርቲስ ዘለቀ።

ዘለቀ፦ ...ድገሚው።

አትጠገብ፦ ማርኮስ ኦርቲስ ዘለቀ።

ዘለቀ፦ ዘለቀ ማን ነው?

አትጠገብ፦ ኋለኛው ስም ከእናት ወገን ነው አልኩዎት። የእኔ ስም እዚህ እርስዎ ነዎት።

ዘለቀ፦ የእናቱን አባት? እንደ ወንድ ልጄ ልጅ? ማን አስገደዳቸው?

አትጠገብ፦ ማንም። ለሁሉም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ፣ ሲዳር፣ ዘለቀ አብሮት ይጠራል።

ዘለቀ፦ ምን ፈልገው ነው?

አትጠገብ፦ አባባ።

ዘለቀ፦ እሺ። ቀጥዪ። የደበቅሽው እንዳለ ዓይንሽ ይናገራል።

አትጠገብ፦ ሕጋቸው ማቀያየርም ይፈቅዳል። ሰርሂዮ "አባትሽ ወንድ ልጅ ከሌላቸው የእሳቸው ይቅደም" ብሏል። ማርኮስ ዘለቀ ኦርቲስ። ዛሬ ምሳ ላይ ራሱ ሊጠይቅዎ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት እየገባ አማርኛውን ሲለማመድ ነው የከረመው።

ዘለቀ፦ በሩን ዘግቶ የሚያጉረመርመው እሱ ነበር? በሬን በወንበር ደግፌ ነው የተኛሁት።

አትጠገብ፦ ወንበሩንም አይቷል።

ዘለቀ፦ ሴትዮዋስ? እሷ ምን አለች?

አትጠገብ፦ አልወደደችውም። ባሏ ኦርቲስ ከሞተ ጀምሮ ከስሙ ሌላ የቀራት ነገር የለም። "ያንን ስም እዚህ አድርሼዋለሁ፣ አሁን ለማላውቀው ሰው ከፊት ላስቀድም?" አለች። ልጇን ተቆጣች። አለቀሰች። ኋላ "እሳቸው ካሉ ይሁን" ብላ የምሳውን በግ ምድጃ ውስጥ ከተተች።

ዘለቀ፦ አልወደደችውም?

አትጠገብ፦ አልወደደችውም። እውነቱን ልንገርዎት ብዬ ነው።

ዘለቀ፦ መጀመሪያውኑ እንዲያ ብትይኝ ኖሮ። የምትስቀውን ሴት አላመንኳትም። ይህችን አውቃታለሁ። እንደ እኔ በር ላይ የቆመች ሴት ናት።

አትጠገብ፦ እንግዲህ?

ዘለቀ፦ ጫማዬን አቀብዪኝ። ሻንጣውንም ከበር ላይ አንሺው፤ ሰው ያደናቅፋል።

አትጠገብ፦ ሰርሂዮ ሲጠይቅዎ ምን ይሉታል?

ዘለቀ፦ ልጅ አባቱን አልፎ አይሄድም። የኦርቲስ ይቅደም። ዘበኛ ከኋላ ነው የሚቆመው። ስልኩን ግን ያምጣልኝ፤ ለእናቱ በራሴ አፍ የምነግራት አለኝ።

አትጠገብ፦ ምን ብለው?

ዘለቀ፦ አንዳርጌ ስሞሻል እላታለሁ።