ዛፉን ቆርጠው ሽንቁሩን ተዉት

ጋሽ አምባዬ፣ ይቀመጡ። ዛሬ እንኳን አንዴ ቁጭ ብለው ይስሙ። ወይዘሮ ልዕልት፣ እጃቸውን ይያዙልኝ፤ እኚህ ባለቤትዎ ግቢው ውስጥ የደረቀ ሳር ካዩ ከነንግግሬ ጥለውኝ ነው የሚሄዱት።

የማታውቁኝ ስላላችሁ፣ እታገኝ እባላለሁ። ጋሽ አምባዬ ጋዝ ኩባንያው ሲቀጠሩ እኔ እዚያ ስልክ ተቀባይ ነበርኩ። እሳቸው አዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ውስጥ፣ ከመሬት በታች የሚያፈስ የውሃ ቧንቧ ሲፈልጉ የኖሩ ኢንጂነር ናቸው። እዚህ መጥተው ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ከረሙና፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው የጋዝ ሥራ ሊማሩ ገቡ። የመጀመሪያ ቀን ሳንዲ ስፕሪንግስ ተላኩ። ገና በጠዋቱ ደወሉልኝ።

«እታገኝ፣ አገኘሁ። ጋዙ ያፈሳል፣ ትልቅ ሊክ ነው፣ ቶሎ ሠራተኛ ላኪ።»

«በምን አወቁ?»

«በሳሩ ነዋ። ሰፈሩ ሁሉ ደርቆ እዚህ ቤት ብቻ ለምልሟል።»

ላክን። መንገድ ተዘጋ። ባለቤትየዋ በፒጃማዋ ወጥታ ሳር የሚያጠጣውን ስፕሪንክለሯን አጠፋችና የላክናቸውን ሁሉ ገላመጠቻቸው። ለካ ውሃ ሲያፈስ ሳር ይለመልማል፣ ጋዝ ሲያፈስ ሳር ይሞታል። የዕድሜ ልክ እውቀታቸው በአንድ ጠዋት ተገለበጠ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ወደ ፓርኪንጉ ይመለስ ነበር። እሳቸው በማግስቱ መጥተው፣ «ስለዚህ የምፈልገው የሞተውን ነው ማለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የማን ግቢ ተረፈ? ወዳጃችን ሱልጣን፣ አንተ መስክር። ቤት ገዝቶ ጠራን። ሽማግሌ ናቸውና ይመርቁ ሲባል የሉም። ጓሮ ተንበርክከው ቢጫ ሳር በጋዝ ማሽተቻ መሣሪያቸው ያሸታሉ። የጎረቤት ውሻ የሚሸናበት ቦታ ነበር። ደግሞ ያቺ የሳሙና ውሃቸው! የማንም ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ምድጃው ጋ ሄደው የቧንቧውን መጋጠሚያ ይረጫሉ። አረፋ ከሠራ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው፤ አለመሥራቱን ሲያዩ ነው ደህና ዋላችሁ የሚሉት።

አንድ ጊዜ ኩባንያችን ሆቴል ተከራይቶ ስለ ኢነርጂ ትራንዚሽን አሠለጠነን። የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች እየተዘጉ በምትካቸው ጋዝ እየገባ ነው፤ ጋዝ ሲቃጠል አየር የሚያሞቀው የከሰልን ግማሽ ነው፤ እናንተ ምድርን እያዳናችሁ ነው ተባልን። አጨበጨብን። እኔማ እንባዬ መጣ፤ አገሬ ባንክ ቤት ብር ስቆጥር የኖርኩ ሴት፣ ምድርን ታድኛለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጋሽ አምባዬ እጃቸውን አወጡ።

«ሳይቃጠል የሚያመልጠውስ ተቆጥሯል? እኔ በየቀኑ የማገኘው?»

አሠልጣኙ «ግሬት ኩዌስችን» አለ። እዚህ አገር ጥያቄህ ግሬት ከተባለ መልስ አትጠብቅ።

እሳቸው ግን ጠበቁ። መጠበቁ ሲመራቸው ኮሌጅ የቅዳሜ ክላስ ተመዘገቡና እኔንም ጎተቱኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ ተነሺ» አሉኝ። ከልጆቻችን እኩዮች ጋር ተቀምጠን ተማርን። ሳይቃጠል የሚያመልጠው ጋዝ አየሩን ከከሰል ጭስ በብዙ እጥፍ ያሞቃል። ከጉድጓዱ እስከ ወጥ ቤት በየመንገዱ ካፈሰሰ ከከሰል የሚሻልበት ነገር ያልቃል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ተምሬ ጨረስኩ፣ ከስልኩ ተነስቼ ከእሳቸው ጋር በእግር ሊክ ፍለጋ ወጣሁ። ደመወዜ ጨመረ፣ እንቅልፌ ቀነሰ።

አሁን ወደ ሽንቁሯ ልምጣ። እዚሁ ፓይን ሌክ አጠገብ፣ ከአፓርታማዎቹ ጀርባ፣ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር ቧንቧው ያፈሳል። ቤት አያፈነዳም። ቤት ካላፈነዳ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ አይጠገንም፣ «ሞኒተር» ይደረጋል፤ እየታየ ይቀመጥ ማለት ነው። ጋሽ አምባዬ በየዓመቱ ሄደው ሪፖርት አደረጉ፤ በየዓመቱ ሞኒተር ተባሉ። ዛፉ በአንድ ጎኑ መድረቅ ጀመረ። ሪፖርት አደረጉ። ዛፉ ሞተ። ሪፖርት አደረጉ። አንድ ሰኞ ሱፐርቫይዘራችን ደስ ብሎት መጣና «የዛፍህ ጉዳይ አልቋል» አላቸው። እየሮጥን ሄድን። ዛፉን ቆርጠው ሽንቁሩን ተዉት። ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው አሉ። ጋሽ አምባዬ ጉቶው ላይ ተቀምጠው መሣሪያቸው ሲጮህ ሰሙት።

ከዚያ ባለ ሴንሰር መኪና ተገዛ። በእግር የሚሄድ ሰው አያስፈልግም ተባለ። «ሁለት ዓመት ጨምሩልኝ» አሉ፤ የስንብት ፓኬጅ ሰጧቸው። እኔንም ወደ ስልኩ መለሱኝ። መኪናው የሚያሸተው ዋናውን መንገድ ነው፣ ከአፓርታማ ጀርባ አይገባም። ከሰኞ ጀምሮ እዚያች ሽንቁር ጋ የሚሄድ የለም።

ከሠራተኛ ጉዳይ፣ የኤችአሯ ልጅ «ለጡረታዎ ምን ስጦታ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ያቺን ሽንቁር ድፈኑልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። ሐሙስ ዕለት ኬክ ተቆረጠ፣ ስማቸው ተሳስቶ ተጠራ፣ ስጦታውም ወጣ። ያው፣ የመኪና መጠለያው፣ ካርፖርቱ ሥር ከነሪባኑ ቆሟል። ሥጋ መጥበሻ የጋዝ ግሪል።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስቄ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ከሱልጣን ጋር ተሸክመን እዚህ ስናወርደው ጋሽ አምባዬ ሲሊንደሩን ከፍተው መጋጠሚያውን በሳሙናቸው ረጩት። አረፋ ሠራ።

ጋሽ አምባዬ፣ ማመስገን አለብኝ፣ ግን ተናድጃለሁ። በእነሱ ነው የተናደድኩት። ትንሽ በእርስዎም። ባያስተምሩኝ ኖሮ እኔም እንደ ሰው በሰላም ግሪል አድርጌ እበላ ነበር። ግን በአርባ አራት ዓመቴ፣ ልጄ እንኳን «እማ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል?» ሲለኝ፣ አላረጀሽም ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። የሚያፈስን ነገር አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አቅቶኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ያደረጉት እርስዎ ነዎት።

ሐሙስ መኪና ውስጥ «እታገኝ፣ ማን ይሄድላታል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሁን መልሱ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እሄዳለሁ። ሸተተኝ ብዬ እኔው እደውላለሁ፣ ሰኞ ገብቼ እኔው እከታተለዋለሁ። ሞኒተር ይሉኛል፣ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ይረፉ፤ እንደደከመዎት እናያለን።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ሰው ለጡረተኛ የማቱሳላን ዕድሜ ይመኛል። እኔ የምመኝልዎ፣ ያቺ ሽንቁር ስትደፈን በዓይንዎ የሚያዩበትን ዕድሜ ነው።

ማቱሳላም ይበቃ እንደሆነ እንጃ። ለጤናዎ።