ያልተበላው ምሳ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እስታለሁ፤ ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ይቅር በሉኝ።

እህቴ ዘሃራ አዲስ አበባ፣ ሰው በስልኩ የሚለጥፈውን እያነበበ ክፉውን የሚያጠፋ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ጦርነቱ ወደኛ ወደ ውጫሌ ሲቃረብ ደወለች። «አባ፣ የኛን አገር ሰው ፍጁ የሚል ጽሑፍ ስናገኝ አለቃችን ‹ተዉት፣ ብዙ ሰው እያየው ነው› ይለናል። ሠራተኞቹ ተሰብስበን እምቢ ልንለው ነው» አለችው። አለቃም እምቢ ይባላል እንዴ ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። አባቴ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ ነው፤ ለልጁ ግን ፈራ። «እንጀራሽ ነው፣ አርፈሽ ሥሪ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ ለኔ ሰጠኝና ለሶላት ወጣ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዘሃራ እየሳቀች ደወለች። ድርጅቱ ምሳ ያበላቸዋል። ያን ቀን ሁሉም ገበታ ቀርበው አንድም ሰው እጁን አልሰነዘረም። አለቃው ደንግጦ፣ «ምነው? ወጡ ተበላሽቷል?» አላቸው።

«ወጡስ ደህና ነው። ጽሑፉን አስጠፋልንና እንበላለን።»

ቆሞ ቆሞ አስጠፋው፤ ከዚያ እሱም አብሯቸው በላ።

አባቴ አፉን ያዘ። «ወላሂ ይሄ የኛ የሽማግሌዎች ሥራ ነው! ማን ነገራት?»

«ያንተው ልጅ አይደለች!» አለችው እናቴ።

አባቴ ስልኩን ሰጥቶኝ ለሶላት የወጣ ዕለት ዘሃራ ታለቅስ ነበር። «እትዬ፣ አባ ለሽምግልና ሄዶ እሺ ካላሉት እኮ ውሃም አይቀምስላቸውም» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።