የቀኛዝማች ቢተው ጥለት

(አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ያለ የልብስ ሰፊ ቤት፣ ከቀትር በኋላ። ጡረተኛው ሻምበል አንለይ ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገብተው አልወጣም ብለዋል፤ ካለም የሚባል ስኮትላንዳዊ ልታገባ ሰርጓ የተቃረበው ልጃቸው ማኅደር ከመጋረጃው ፊት ቆማለች።)

ማኅደር፦ አባዬ፣ ውጣ በቃ። ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ሻምበል፦ ሱሪዬን አምጪና እወጣለሁ።

ማኅደር፦ ሱሪህን ጋሽ ሙዘይን ይዘውት ወርደዋል። ዘለበት ሊገዙ ሲሄዱ፣ ለወገቡ ልክ እንዲሆናቸው ብለው።

ሻምበል፦ ዘለበት ሊገዛ የሰው ሱሪ ይዞ የሚሄድ ሰፊ የት አገር ታየ? ስንት ግንባር ላይ ያልተማረክሁ ሰው ፒያሳ መሃል በልብስ ሰፊ ተማረክሁ።

ማኅደር፦ ከተማረክህማ እጅህን ስጥ።

ሻምበል፦ ጉርድ ለብሼ?

ማኅደር፦ ጉርድ አይደለም፣ ኪልት ነው፤ የስኮትላንድ ወንዶች ልብስ። አፋሮች ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ማን ሴት አላቸው?

ሻምበል፦ ማን ደፍሮ ይላቸዋል። የአፋር ሰው ከሽርጡ ጋር ጊሌውን፣ ያን ጩቤውን ይታጠቃል።

ማኅደር፦ የስኮትላንድም ሰው ካልሲው ውስጥ ቢላ ይሸጉጣል። ካለም ለአንተም አዝዞልሃል።

ሻምበል፦ ካለም ደግ፣ ከሌለም ደግ።

ማኅደር፦ በስሙ አትቀልድ። በል አሁን፣ ልኩ እንዴት ነው?

ሻምበል፦ ለድንኳን የሚበቃ ጨርቅ ወገቤ ላይ ጠምጥሞ፣ ጉልበቴን ግን ለንፋስ ሰጥቶታል። ይሄን ሁሉ ከኋላ አጥፎ አጥፎ ከመጨረስ ትንሽ ወደ ታች ቢለቀው ምን ነበረበት?

ማኅደር፦ አሠራሩ ነው። ጨርቁ ደግሞ ተራ ጨርቅ አይደለም። አረንጓዴው፣ ጥቁር ሰማያዊው፣ ቀጭኗ ቀይ መስመር፣ ሁሉም የካለም ጎሳ ነው። የእነሱ ወገን ነኝ ለማለት ነው የሚለበሰው። እናቱ “አባትሽ ከእንግዲህ የእኛ ሰው ናቸው” ብላ ላከችው። አክብራህ ነው።

ሻምበል፦ እሷንም እግዜር ያክብርልኝ። ግን በሰው ወርቅ አይደምቁ።

ማኅደር፦ እሱም ገብቷታል። ለዚህ ነው አዲስ ልታሠራ የተነሣችው። የሁለታችንን ቤት ቀለም አዋህዳ፣ ለሚወለዱት ልጆቻችን የራሳቸው የሆነ ጥለት። ሠሪዎቹ ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ።

ሻምበል፦ የምን መልስ?

ማኅደር፦ የአንተን ወገን። አያቴ ቀኛዝማች ቢተው ምን ይለብሱ ነበር፣ ምን ቀለም ይወዱ ነበር፣ የት አገር ገዙ። ስንቴ ጠየቅኩህ?

ሻምበል፦ የሞተ ሰው ምን ይለብሳል፤ ከፈን ነዋ።

ማኅደር፦ አየህ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ። የእማዬን ወገን እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። ያንተ ሲሆን አንዱ ቤት ላይ በሩ ይዘጋብኛል።

ሻምበል፦ ልጁ ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?

ማኅደር፦ ካለምማ ይስቅብናል። ከጎሳዎቹ ብዙዎቹ ጥለቱን ያገኙት ከጨርቅ ነጋዴ ነው ይላል። ነጋዴው “ይሄ የእናንተ ነው” ይላቸዋል፣ ይለብሱታል፣ ልጆቻቸው ሲያድጉ የአያት የቅድመ አያት ሆኖ ይቆያቸዋል።

ሻምበል፦ እውነት እንዲህ አለ?

ማኅደር፦ ምነው ደስ አለህ?

ሻምበል፦ ምንም። ልጁን ገና ዛሬ ወደድሁት።

ማኅደር፦ እንግዲያው ለእሱ ስትል ውጣና ልይህ።

ሻምበል፦ ቆይ፣ ጨርቁን እያየሁ ነው። እዚህ ውስጥ ሌላ የሚታይ የለም። ድሩ ጥሩ ነው፤ ማጉ ላይ ግን ቸኩለዋል። ቀይዋ መስመር ጋ ሲደርስ እጁ ላልቷል።

ማኅደር፦ የማን እጅ? በመኪና እኮ ነው የተሠራው።

ሻምበል፦ መኪናም ይቸኩላል። አባቴ ቢሆን እዚህ ጋ ፈትቶ እንደገና...

ማኅደር፦ እንደገና ምን?

ሻምበል፦ ሙዘይን የት ቀረ?

ማኅደር፦ አባዬ፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ቀኛዝማች ቢተው ድርና ማግ ከየት አወቁ?

ሻምበል፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ማኅደር፦ መልስልኝ።

ሻምበል፦ ሱሪ የሌለው ሰው ወዴት ይሸሻል፤ እመልስልሻለሁ። ሸማኔ ነበር። ከሞጣ ወዲያ፣ ገበያ ዳር፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲወረውር የሚውል ሸማኔ። ስሙን አልለወጥሁም። ቢተው ቢተው ነው። ማዕረጉን ብቻ እኔ ሰጠሁት።

ማኅደር፦ ሻምበል ሆነህ ቀኛዝማች ሾምክ።

ሻምበል፦ ያኔማ መቶ አለቃ ነበርሁ።

ማኅደር፦ እማዬስ? ታውቅ ነበር?

ሻምበል፦ ነፍሷን ይማርና፣ ቀኛዝማች ያለችውስ እሷ አይደለችም? ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ ወንድሟ ደምመላሽ አስቀድሞ የጠየቀው ዘሬን ነው። “እኛ ቤት ለቁጢት በጣሽ፣ ለሸማኔ ዘር አይዳርም” ባይ እንደሆነ ታውቃለች። “ቀኛዝማች በል፣ ማን ሞጣ ድረስ ወርዶ ያጣራል” አለችኝ። አልሁ።

ማኅደር፦ ሰርጋችሁ ላይ አያቴ የት ነበሩ?

ሻምበል፦ ታሟል ተባለ።

ማኅደር፦ ታመው ነበር?

ሻምበል፦ ቤቱ ቁጭ ብሎ የእናትሽን ቀሚስ ይሠራ ነበር። በሰው እጅ ላከው። ያን ሰማያዊና ወርቃማ ጥለት ያለውን።

ማኅደር፦ እኔ በመልሱ ቀን የምለብሰውን? ጋሼ ደምመላሽ ባዩት ቁጥር “ይሄ የባላባት ልብስ ነው፣ ዛሬ እንዲህ የሚሠራ እጅ የት አለ” የሚሉትን?

ሻምበል፦ እሱኑ። እንዲያ ባለ ቁጥር እናትሽ ወጥ ቤት ገብታ ትስቅ ነበር። ለእኔ መሳቁ አልሆነልኝም።

ማኅደር፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ሻምበል፦ ምነው?

ማኅደር፦ ጋሼ ደምመላሽ እየመጡ ነው።

ሻምበል፦ ወዴት?

ማኅደር፦ ወደዚህ። የካለም እናት ስትደውል የቀኛዝማችን ታሪክ እሳቸው ይነግሯታል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። አንተ አልናገር ስትለኝ እሳቸውን ለመንኳቸው።

ሻምበል፦ እሱ ምን ያውቃል?

ማኅደር፦ ካንተ የበለጠ ያውቃሉ። የተዋጉበትን ሜዳ፣ የበቅሎአቸውን ስም ሳይቀር።

ሻምበል፦ በቅሎ? እኔ በቅሎ አልሰጠሁትም።

ማኅደር፦ እሳቸው ሰጥተዋቸዋል።

ሻምበል፦ በይ እንግዲያው መምጣቱ ደግ ሆነ። ደክሞኛል። ይግባና እነግረዋለሁ። ሴትዮዋም ጥለቱን ከእናትሽ ቀሚስ ላይ ታንሣ፤ ከዚያ የተሻለ የት ታገኛለች።

ማኅደር፦ አይሆንም።

ሻምበል፦ ምን አልሽ?

ማኅደር፦ ዛሬ አይሆንም አባዬ። ድንኳኑ የሚተከለው እሳቸው ግቢ ነው። የእማዬ ዘመድ ሁሉ የሚመጣው በእሳቸው ቃል ነው። አኩርፈው ቢቀሩ በእማዬ ወንበር ማን ይቀመጣል? ባዶ ዳስ ውስጥ እኔና አንተ ከፈረንጆች ጋር ልንተያይ ነው?

ሻምበል፦ ልጁ ቢሰማ ይከፋዋል?

ማኅደር፦ ካለም ደስ ነው የሚለው። እኔም አላፈርኩም፣ እንደዚያ እንዳይመስልህ።

ሻምበል፦ አልመሰለኝም።

ማኅደር፦ እስከ ሰርጉ ድረስ ብቻ። ከዚያ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን።

ሻምበል፦ እኛም እንዲሁ ነበር ያልነው።

ማኅደር፦ እናንተ?

ሻምበል፦ እናትሽና እኔ። እስከ ሰርጉ ድረስ ብቻ አልን። ሰርጉ አለፈ፤ አንቺ ተረገዝሽና “ትወለድ” አልን። ተወለድሽ፤ “ክርስትናዋ ይለፍ” አልን። ለክርስትናሽ አባቴ ሳይጠራ ከሞጣ ድረስ መጣ።

ማኅደር፦ ቤታችን?

ሻምበል፦ በሩ ድረስ። ደምመላሽ ሳሎን ተቀምጧል። አባቴ እሱንም አየ፣ እኔንም አየኝ። ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ “ጋቢ ላደርስ ነው የመጣሁት” አለና ጋቢውን አስረክቦኝ ዞረ። እናትሽ አንቺን ታቅፋ ከኋላው ሮጠች። አጥር ጥግ ደርሳበት አስታቀፈችው።

ማኅደር፦ አይተውኛላ።

ሻምበል፦ ለአንድ አፍታ። ጣቶችሽን እየነካካ “ይቺ መወርወሪያ መያዣ ናት” አለ አሉ። እኔ አልነበርሁም። ሳሎን ከደምመላሽ ጋር ተቀምጬ ነበር።

ማኅደር፦ ከዚያስ በኋላ?

ሻምበል፦ ከዚያማ የቀብሩ ቀን ደረሰ። ከመቃብሩም ቆሜ “የማን ወገን ነህ” የሚለኝ ሰው እንዳይመጣ መንገዱን ሳይ ነበር። ... ደረጃው ላይ ሰው ይሰማኛል።

ማኅደር፦ ጋሽ ሙዘይን ይሆናሉ።

ሻምበል፦ ሙዘይን ከዘራ አይዝም።

ማኅደር፦ ጋሼ ናቸው።

ሻምበል፦ በይ ልጄ፣ አትጨነቂ። ቀኛዝማች ነበሩ በያት፤ በቅሎይቱንም ጨምሪላት። እኔ በሰርግሽ ላይ እንቅፋት አልሆንም። ሙዘይን እስኪመጣ እዚሁ ዝም ብዬ እቆማለሁ፤ ዝም ማለቱን ለምጄዋለሁ።

ማኅደር፦ ስልኩ እየጠራ ነው። የካለም እናት ናት።

ሻምበል፦ አንሺያት እንጂ።

ማኅደር፦ ጋሼ፣ ደረሱ? ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ። አባዬ ከመጋረጃው ወዲያ ነው፤ ይሰማናል። ታሪኩን ዛሬ እርስዎ አይነግሯትም፤ እኔው እነግራታለሁ። እርስዎ እንዲሰሙት ግን መጀመሪያ በአማርኛ ልበለው፤ አያቴ ቢተው ሸማኔ ነበሩ።