የማበጠሪያዋ አስተዳዳሪ፦ የወይዘሮ ጵርስቅላ ዶባሞ የሕይወት ጉዞ

ከሆሳዕና፣ ከሞርሲቶ፣ ከዱራሜና ከአንጋጫ ማልዳችሁ ተነሥታችሁ፣ መንገዱ ሳይከብዳችሁ እዚህ የደረሳችሁ ውድ ለቀስተኞች፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። አሁን የሚነበበው የእኅታችን፣ የመምህርታችንና የአስተዳዳሪያችን የወይዘሮ ጵርስቅላ ዶባሞ ዜና ሕይወት ሲሆን፣ አንባቢው ታናሽ ወንድማቸው ዕንባቆም ዶባሞ የሆነው በሟቿ በራሳቸው ትእዛዝ ነው። ወይዘሮ ጵርስቅላ ባለፈው መስከረም አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ "ዕንባቆም ያንብበው፤ ድምፁ ጎላ ያለ ነው። ያልሠራሁትን ጨምራችሁ ብታነቡ ግን ሞታለች ብላችሁ አትመኑኝ፤ ተነሥቼ አርማችኋለሁ" ብለው ስላስጠነቀቁ፣ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ምስክር ያለው ነው።

ወይዘሮ ጵርስቅላ ከአባታቸው ከአቶ ዶባሞ ኤርትሮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅዬ ላምቤቦ በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. ከሀቢቾ ብዙም በማትርቅ መንደር ተወለዱ። አባታቸው እንሰትና ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ ቢሆኑም፣ በአካባቢው የሚታወቁት በእርሻቸው ሳይሆን በሽምግልናቸው ነበር። የድንበር ጠብ፣ የጋብቻ ክርክር፣ የከብት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ፣ ሕፃኗ ጵርስቅላ ከአባታቸው ጀርባ ቁጭ ብለው ያዳምጡ ነበር። አባትም እራት ላይ፣ "ያ ሰውዬ ስለ ድንበሩ መጀመሪያ ያለው ምን ነበር?" ብለው ሲጠይቁ፣ ልጃቸው አንድ ቃል ሳይጨምሩና ሳያጎድሉ የሁለቱንም ወገን ንግግር ይደግሙላቸው ስለነበረ፣ የመንደሩ ሰው "የዶባሞ መዝገብ" የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር።

እስከ አራተኛ ክፍል በሀቢቾ ከተማሩ በኋላ ወደ ሆሳዕና ሄደው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ሻይ ቤት በነበራቸው አክስታቸው በወይዘሮ ጣቢታ ቤት ተቀምጠው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። ሆሳዕና ሲገቡ የሚያውቁት አማርኛ ከመማሪያ መጽሐፍ የተገኘው ብቻ ስለነበረ፣ ቀሪውን ያስተማሯቸው እዚያ ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች፣ ተሸካሚዎችና ተሳፋሪ ጠሪዎች ነበሩ፤ በኋላ ምክር ቤት ውስጥ ሲናገሩ ማይክራፎን ያላስፈለጋቸውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ራሳቸው ይቀልዱ ነበር።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን ፈጽመው በ1968 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት አንጋጫ ነው። ከምባትኛ ለመናገር ሲሞክሩ ተማሪዎቹ ይስቁባቸው ነበርና፣ "እናንተ ሒሳብ ስትሳሳቱ እኔ አርማችኋለሁ፤ እኔ ቋንቋችሁን ስሳሳት እናንተ አርሙኝ" ብለው ከልጆቹ ጋር ተዋዋሉ። ውሉንም ሁለቱም ወገን አክብሮት፣ ዓመት ሳይሞላ ከተማሪዎቻቸው እናቶች ጋር ያለ አስተርጓሚ የሚጫወቱ መምህርት ሆኑ።

የትዳር አጋራቸውን አቶ ሰይፈሥላሴ ገብረክርስቶስንም ያገኙት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። አቶ ሰይፈሥላሴ አባታቸው ከመንዝ በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚህ የቀሩ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ፣ ወይዘሮ ጵርስቅላ ደግሞ የወንጌላውያን ልጅ በመሆናቸው፣ የሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከጠዋት እስከ ቀትር ተከራከሩ፤ ነገሩም ሊፈርስ ተቃረበ። በዚህ ጊዜ አቶ ዶባሞ ልጃቸውን አስጠርተው፣ "እስቲ ከጠዋት ጀምሮ የተባለውን ድገሚልን" አሏቸው። ሙሽሪት በር ሥር ቆመው የሰሙትን የአንዱን ወገን ቃል ከሌላው አጠገብ እያደረጉ ሲደግሙት፣ ሁለቱም ወገኖች ሲሉ የዋሉት አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ልጃችን ይወሰድብናል የሚል ስጋት ነበር። ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ፣ በ1973 ዓ.ም. ሠርጉ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት በየእሑዱ አብረው ከቤት ወጥተው፣ መንገድ መለያያው ላይ ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው በየቤተ ክርስቲያናቸው ጸልየው፣ ለምሳ አብረው ይገቡ ነበር። ሦስት ልጆችንም አፍርተዋል።

ወይዘሮ ጵርስቅላ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ሾጎላ ከተዛወሩ በኋላ በርእሰ መምህርነት ሲያገለግሉ፣ ትምህርት ቤቱን ከግማሹ መንደር የሚለየው ወንዝ በየክረምቱ ሲሞላ ልጆች ይቀሩ ነበር፤ አንድ ዓመት እንዲያውም አንዲት ተማሪ ስትሻገር ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ድልድይ እንዲሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ ቢሮ ተመላለሱ፤ ሦስቱንም ዓመት "በዕቅድ ተይዟል" ተባሉ። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ፣ "አንቺ ማስተማርሽን አስተምሪ፤ አስተዳደሩን ለእኛ ተዪልን" ቢሏቸው፣ አመስግነው ወጡ፤ በማግሥቱም ለወረዳው ምክር ቤት በግል ዕጩነት ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው ዐርባ አምስት ነበር።

የምርጫ ምልክት በዕጣ ሲከፋፈል መጽሐፍ እንዲደርሳቸው ተመኝተው ነበር፤ የደረሳቸው ግን ማበጠሪያ ሆነ። ከተወዳዳሪዎቻቸው ደጋፊዎች አንዱ ገበያ መካከል ቆሞ፣ "ወረዳ በማበጠሪያ ሲመራ ልናይ ነው" እያለ ሰውን አሳቀ። ወይዘሮ ጵርስቅላም አብረው ሲስቁ ቆዩና ተራቸው ሲደርስ፣ "ጠጉሩ የተቋጠረበት ሰው ወይ በመቀስ ይቆርጠዋል፣ ወይ በማበጠሪያ ይፈታዋል። እኔ መቀስ አልያዝኩም" አሉ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የሾጎላ ሴቶች ማበጠሪያቸውን ጠጉራቸው ላይ ሰክተው፣ ወንዶቹም ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ሻጥ አድርገው ወጡ።

ይሁን እንጂ በዘጠኝ ድምፅ ተሸነፉ። ውጤቱ በተለጠፈበት ጠዋት ግቢያቸው በወጣቶች ተሞላ፤ ድምፃችን ተሰርቋል፣ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት እንሂድ የሚለው ድምፅ እየበረታ ሄደ፤ አንዳንዱም ዱላ ይዞ ነበር። ወይዘሮ ጵርስቅላ ከጓዳ ፊታቸውን ታጥበው ወጡና፣ በቆጠራው ላይ በታዛቢነት የነበሩትን ባለቤታቸውን በሰው ሁሉ ፊት፣ "ሰይፌ፣ ያየኸውን ተናገር" አሏቸው። አቶ ሰይፈሥላሴም እንደ ከበዳቸው ያስታውቅ ነበር፤ ግን፣ "ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ሁለቱንም ጊዜ ዘጠኝ ነው" አሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጵርስቅላ ወደ ወጣቶቹ ዞረው፣ "ዘጠኝ ሰው ማሳመን ያቃተኝ እኔ ነኝ። ዱላውን ለማገዶ ትታችሁልኝ ወደየቤታችሁ ግቡ" ብለው አሰናበቷቸው። የዚያን ዕለት አንድም ሰው አልተጎዳም፣ አንድም ደጃፍ አልተሰበረም፤ በሕይወታቸው ከሠሩት ሥራ ሁሉ የሚኮሩበትም ይህ ነበር።

በማግሥቱ ዳቦ አስጋግረው ወደ አሸናፊው ወደ አቶ ተገኘ ማንዶዮ ቤት ሄዱ። አቶ ተገኘ ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ ለጠብ የመጡ መስሏቸው ደንግጠው እንደነበርና፣ ዳቦው ተቆርሶ ሲበላ ግን ወይዘሮዋ የድልድዩን ጉዳይ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምረው በቃላቸው እንዳስረዷቸው ራሳቸው መስክረዋል።

በሁለተኛው ምርጫ ወይዘሮ ጵርስቅላ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ምክር ቤቱ ዋና አስተዳዳሪ ሊመርጥ ሲሰበሰብ ግን አባላቱ እኩል ለእኩል ተከፍለው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስምምነት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚህኛው ምርጫ ከሌላ ቀበሌ ተመርጠው የገቡት አቶ ተገኘ እጃቸውን አውጥተው ተነሡና፣ "እኚህ ሴት ሲሸነፉ ቤቴ መጥተው ቁርስ አብልተውኛል። ሲያሸንፉ ምን እንደሚያደርጉ ማየት እፈልጋለሁ" ብለው ጠቆሟቸው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ከሳቁ በኋላም የሁለቱም ወገን እጆች ወደ ላይ ወጡ። ያን ቀን ሾጎላ ውስጥ መስቀል የደረሰ ይመስል፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው አተካና በየቤቱ ሲበላ ዋለ።

በአስተዳዳሪነታቸው ዘመን ድልድዩ በአሥራ አራት ወር ተሠራ፤ የሚመረቅ ዕለትም ሪባን አልቆርጥም ብለው አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን በሩጫ አሻገሩበት። በየገበያው ቀን ከገበያው ዳር አግዳሚ ወንበር አስወጥተው፣ በሀዲይኛም በከምባትኛም በአማርኛም የሕዝቡን አቤቱታ በቃል ይቀበሉ ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ እንጀራችን ተዘጋ ብለው ሲያማርሩ፣ ከመካከላቸው አዛውንቱን አስጠርተው ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧቸው።

ያልሠሩት እንዳይጨመር እንዳሉ ሁሉ፣ ያጠፉትም እንዲቀር አልፈለጉም። ከተማዋ እንድትሰፋ ብለው ነጋዴዎቹን ሳያማክሩ ገበያውን ወደ ዳር አዛውረው ነበር። አዲሱ ቦታ ክረምት ሲገባ ጭቃ ሆነ፣ ገዢም ራቀው፤ ቅቤና ቆጮ የሚሸጡ እናቶች በጭቃ የተበላሸ ጫማቸውን ይዘው ቢሯቸው ድረስ መጡ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ከእነርሱ ጋር ወርደው ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው አዩ፤ ገበያውንም ወደ ነበረበት መልሰው፣ "እኔ የሰው ቃል በመያዝ የምታወቅ ሴት፣ የእናንተን ቃል ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ይቅር በሉኝ" ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ይቅር ተባሉ፤ ነገሩ ግን አልተረሳም።

ሦስተኛው ምርጫ ሲደርስ የተወዳደሯቸው ቀድሞ ተማሪያቸው የነበሩት የግብርና ባለሙያዋ ወይዘሮ ነኢማ ከድር ነበሩ። ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ፣ ማንበብ የማይችሉ ብዙ ሰዎች ስለነበሩ ወጣቱ የጣቢያው ሠራተኛ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ተነገረው። ወረቀቱን ሲያይ ግን፣ ወይዘሮ ጵርስቅላ አስተማሪው ነበሩና ፊታቸውን ማየት አፍሮ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ሰዉን አልፈው ወደ በሩ ቀረቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ያንን የመናኸሪያ ድምፃቸውንም አውጥተው የወይዘሮ ነኢማን ድምፅ አስቀድመው፣ የራሳቸውን አስከትለው አነበቡ። ልዩነቱ ስድሳ ሦስት ነበር። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው እልል አሉ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው፤ በዚያች ከተማ ለተሸናፊ ነው ለአሸናፊ ነው ተብሎ ሳይለይ እንዲያ ያለ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም። ወይዘሮ ነኢማ እያለቀሱ ሲያቅፏቸው፣ "ለምን ታለቅሻለሽ? ያስተማርኩሽ እኮ እንድትበልጪኝ ነው" አሏቸው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከወይዘሮ ነኢማ ጋር ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ ሥራውን አስረከቡ። በመጨረሻው ቀን የመንግሥት መኪና ያድርስዎ ቢባሉ እንቢ ብለው፣ ደጅ ከሚጠብቋቸው ከአቶ ሰይፈሥላሴ ጋር በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። አቶ ሰይፈሥላሴ መንገድ ላይ የተናገሩት፣ "ከአምስት ዓመት በኋላ ዛሬ ገና ምሳ በሰዓቱ ልንበላ ነው" የሚል ብቻ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሆሳዕና ኖረው ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል፤ ምርጫ በደረሰ ቁጥርም ወጣት ዕጩዎች ምክር ሊጠይቁ ቤታቸው ይመጡ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የልብ ድካም ያዛቸውና በሐኪም ክትትል ቆዩ። ሐኪሙ ጠያቂ እንዲቀንስ ቢያዝዝ፣ ጠያቂዎቹን ሰብስበው ውሳኔውን በድምፅ አሰጡና፣ ሐኪሙ በአሥራ አንድ ለአንድ ተሸነፈ። አንዷ ድምፅ የሴት ልጃቸው የሐዳሳ ነበረች።

ወይዘሮ ጵርስቅላ ዶባሞ ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ልጆቻቸው እንደከበቧቸው፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በሰላም ዐርፈዋል። ከኋላቸው የትዳር አጋራቸውን አቶ ሰይፈሥላሴ ገብረክርስቶስን፤ ልጆቻቸውን ሱራፌልን፣ ሐዳሳንና ኤልያብን፤ ስድስት የልጅ ልጆችን፤ ወንድማቸውን ዕንባቆምን፤ በአንጋጫ፣ በሾጎላና በሆሳዕና ያስተማሯቸውን ተማሪዎች፤ እንዲሁም የመረጧቸውንና ያልመረጧቸውን የወረዳቸውን ሰዎች ሁሉ ትተዋል።

የሰውን ልብ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ይቀበልልን፤ ለአቶ ሰይፈሥላሴና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥ። ለእኛም ስንሸነፍ ዳቦ ይዘን የምንሄድበት እግር፣ ስናሸንፍም በር የምንከፍትበት እጅ ይስጠን። አሜን።